ፕላስቲክን ስንቀንስ ምን እንጨምራለን?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እርምጃውን እንደግፋለን። ፌስታል ዕቃን ከሱቅ እስከ ቤት ከማድረስ ያለፈ ተግባር የለውም፤ ይህንንም ዘንቢል በሚገባ ይሠራዋል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ምግብ የሚጠቀለልበት ፕላስቲክ ሁሉ በአንድ ዓይን ሊታይ ይገባል ማለት ከሳይንስ ጋር ያጣላል።

ማሸጊያ በመሠረቱ የሞለኪውሎችን ዝውውር የሚያዘገይ ግድግዳ ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የውኃ ትነትን አጥብቆ ሲያግድ ኦክስጅንን በመጠኑ ያሳልፋል። የሚያልፈው ጋዝ ከሽፋኑ ውፍረት ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና ስላለው፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው በግማሽ ይቀንሳል። ወረቀት ግን በቃጫዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ሁለቱንም ያሳልፋል።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ወደ ገበሬው ጎተራ መግባት ይበቃል። «ፒክስ» በሚል ስም የሚታወቀውና በአገራችንም ሥራ ላይ የዋለው የእህል ማከማቻ፣ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጀመሪያ በካሜሩን ጥራጥሬን ከተባይ ለማዳን የሠሩት ነው። ውስጡ እያንዳንዳቸው 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊኢትሊን ከረጢቶች ሲሆኑ፣ ውጭው ከፖሊፕሮፒሊን የተሸመነ ጆንያ ነው። አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን እየተነፈሰ ያመናምነዋል፤ ከዚያም መብላቱን ያቆማል፣ ውሎ አድሮም ይሞታል። አንዳችም መርዝ አልተረጨም። በነቀዝ የተበላ በቆሎ የሚያጠፋው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን የታረሰውን መሬት፣ የዘነበውን ውኃና የክረምቱን ድካም ጭምር ነው። ከዚህ ኪሳራ አንጻር የከረጢቱ ፕላስቲክ ኢምንት ነው።

ተመሳሳይ ስሌት ከወደ አውሮፓም ተሰምቷል። የስዊዘርላንዱ ኤምፓ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ከስፔን የሚመጣ አንድ ኪያር ተበላሽቶ ቢጣል በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ጫና የ93 ኪያሮች የፕላስቲክ መጠቅለያ ከሚያስከትለው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህን አኃዝ ለሁሉም አትክልት መጥቀስ አይገባም። በዚያው ዓመት ራፕ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ፖምን፣ ሙዝንና ድንችን የመሳሰሉትን መርምሮ፣ ሳይታሸጉ ቢሸጡ ሸማቹ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚገዛ ብክነቱ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ኪያርና ድንች አንድ ዓይነት ልጣጭ የላቸውምና ውጤቱ ሊያስገርመን አይገባም።

ተተኪዎቹም ያለ ዋጋ አይመጡም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሰላው፣ በአየር ንብረት ላይ በሚያደርሰው ጫና አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ፌስታል እንዲሻል የወረቀት ከረጢት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ የጥጥ ከረጢት ደግሞ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። በእርግጥ ይህ ስሌት በቦይ ውስጥ የተወተፈውንና በከብት ሆድ የተገኘውን ፌስታል አይቆጥርም፤ ለእኛ ከተሞች ደግሞ ትልቁ ችግር እሱ ነው። ብርጭቆም ቢሆን ከባድ ነው፤ ከፍ ባለ ሙቀት ቀልጦ ይሠራል። የሚያዋጣው እንደ ለስላሳ ጠርሙስ በሣጥን እየተመለሰ ሲታጠብ ነው።

ውፍረትም ቢሆን ሁለት ስለት አለው። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ለፌስታል የ0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረትን ወሰን አድርጎ ነበር። ወፍራሙ ደጋግሞ ካገለገለ መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ ተይዞ ከተጣለ ግን የተጣለው ፕላስቲክ ከስሱ ይበልጣል።

ተማሪዎች ይህን በሚዛን ሊፈትኑት ይችላሉ። ከአንድ ምጣድ የወጡ ሦስት እንጀራዎችን አንዱን በፕላስቲክ፣ አንዱን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሦስተኛውን በመሶብ አስቀምጦ ጠዋትና ማታ መመዘን ነው። የሚጎድለው ግራም በአብዛኛው የተነነው ውኃ ነው። በፕላስቲክ ያለው ብዙም አይጎድልም፤ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ግን ሻጋታ የታየበት ቀንና ሰዓትም ከክብደቱ ጎን ይመዝገብ።