ቢያትሪስን «አንቺ» ማለት፦ ዳንቴን በዘመናዊ እንግሊዝኛ ስለ ማንበብ

በድኅረ ምረቃ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የዳንቴ አሊጊየሪን «መለኮታዊ ኮሜዲ» የምናነበው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአብዛኛው በዘመናዊ ትርጉም ነው። በዚህ አላፍርም፤ ጣልያንኛ እስክንማር ብንጠብቅ ኖሮ ብዙዎቻችን ከመቶው ካንቶዎች አንዱንም ባላነበብን ነበር። ቅሬታዬ ካነበብን በኋላ በምናደርገው ላይ ነው። የተርጓሚውን ቃል ጠቅሰን «ዳንቴ እንዲህ ይላል» ብለን እንጽፋለን፤ በዚያ ቃል ላይም ትንታኔ እናቆማለን።

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ለአንድ ሴሚናር ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ ዳንቴ ቢያትሪስን የሚያነጋግርበት አኳኋን ከ«ፑርጋቶሪዮ» መጨረሻ ጀምሮ ሳይለወጥ እንደሚዘልቅ ተከራክሬ ነበር። በእጄ የነበረው የአለን ማንደልባም ትርጉም ነው። ቆይቼ ጣልያንኛውን ከእንግሊዝኛው ትይዩ የሚያቀርበውን የሮበርትና የጂን ሆላንደርን እትም ስመለከት ክርክሬ ፈረሰ። ዳንቴ ቢያትሪስን «ቮይ» እያለ፣ ማለትም በአንቱታ፣ ሲያነጋግራት ይቆያል። በ«ፓራዲዞ» 31ኛው ካንቶ ግን ቢያትሪስ ከጎኑ ተለይታ በቅዱሳን መካከል በስፍራዋ ከተቀመጠች በኋላ፣ ከሩቅ ሆኖ ሲያመሰግናት «ቱ» ይላታል፤ አንቺ። የእንግሊዝኛው «ዩ» ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ እኔ «አልተለወጠም» ያልሁት በእንግሊዝኛው ውስጥ መለወጥ የማይችለውን ነበር።

ነገሩ በዚህ አንድ ቦታ አያበቃም። በ«ኢንፌርኖ» ከሚያገኛቸው ኩነኔ ከተፈረደባቸው ነፍሳት መካከል ዳንቴ አንቱ የሚላቸው ሦስቱን ብቻ ነው፦ ፋሪናታን፣ ካቫልካንቴንና ብሩኔቶ ላቲኒን። መሪውንና መምህሬ የሚለውን ቨርጂልን እንኳ የሚጠራው በ«ቱ» ነው። በ«ፓራዲዞ» 16ኛው ካንቶ ቅድመ አያቱን ካቻጉዊዳን «ቮይ» ሲለው፣ ግጥሙ ራሱ ስለዚህ ቃል ይናገራል፤ ቢያትሪስም ፈገግ ትላለች። ለምን ፈገግ እንዳለች ለመረዳት የእንግሊዝኛው አንባቢ ወደ ግርጌ ማስታወሻ መውረድ አለበት።

የሚገርመው፣ በ1867 የወጣው የሎንግፌሎ ትርጉም ልዩነቱን ጠብቆታል፤ ጥንታዊው «ዛው» ገና በቅኔ ቋንቋ ውስጥ ስለነበረለት። ስለዚህ ወደ ሎንግፌሎ እንመለስ አልልም፤ ለእኛ ጆሮ ሸካራ ነው። በሌላው ጫፍ ክላይቭ ጄምስ በ2013 ባሳተመው ትርጉም፣ ሌሎች በማስታወሻ የሚያስቀምጡትን ማብራሪያ ወደ ግጥሙ አስገብቶታል። ማንበቡ ደስ ይላል፤ ለጥቅስ ግን ያስፈራል።

የአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የሚያጣው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይበልጣል። አንተና አንቱን የለየነው ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ከዚህም በላይ፣ በጸሎት እግዚአብሔርን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» ማለት ድፍረት እንዳልሆነ ማንም አያስረዳንም። የዳንቴ የመጨረሻ ንግግር ለቢያትሪስ ምስጋናም ጸሎትም ነው፤ ከአንቱ ወደ አንቺ መሻገሩ አክብሮትን እንደማያጎድል በራሳችን ቋንቋ እናውቀዋለን። ይህን እውቀት የሚሸፍንብን የመጣንበት መንገድ ነው።

«አንዲት ተውላጠ ስም ይህን ያህል ምን ታደርጋለች?» የሚል ይኖራል። በእኔ ጽሑፍ ያደረገችውን ተናግሬአለሁ። የምጠይቀውም ብዙ አይደለም፦ የተርጓሚው ስም በጽሑፉ አካል ውስጥ ይጠቀስ፤ ክርክር የሚቆምበት ቃል ከትይዩው ገጽ ጋር ይመሳከር። «ቱ» እና «ቮይ»ን ለይቶ ለማግኘት የአንድ ከሰዓት በኋላ የጣልያንኛ ሰዋስው ይበቃል።

ከእንግሊዝኛው ተነሥቶ ይህን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ግን ምርጫ አይኖረውም። አማርኛ ግሡን ሳይወስን አያናግረውም፤ ብሩኔቶን «ነህ» ይበለው ወይስ «ነዎት»? በእጁ ያለው «ዩ» መልሱን አይሰጠውም።