ዳክዬ መልሳ አትተኩስም

በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥንት የአደን ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በእንግሊዝም በአሜሪካም አሉ። ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ሰቅለው አይተዉትም፤ ባሩዳቸውን ይዘው ወፍ ፍለጋ ይወጣሉ። ለምን ከዘመናዊው እንደሚመርጡት ሲጠየቁ፣ «አያጣድፍም» ይላሉ።

እውነትም አያጣድፍም። መጀመሪያ የተለካ ባሩድ ይፈሳል፤ በላዩ ውታፍ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ቀጥሎ ደቃቅ አረር፤ አረሩ እንዳይፈስ ደግሞ ሌላ ስስ ውታፍ። በመጨረሻ መዶሻው የሚመታው የመዳብ ቆብ ይደፋለታል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ከሆነ፣ የተተኮሰውን እንደገና ከማጉረስ በፊት ያልተተኮሰውን ቆብ ማንሳት ግድ ነው፤ የዘነጋ እጁን ሊያጣ ይችላል። ሲተኮስ ጢሱ ፊት ስለሚጋርድ፣ አዳኙ ወፏ መውደቋን ለማየት ጎንበስ ይላል። ማታ በፍል ውሃ ካልታጠበም ጥቀርሻው እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላዋል።

የቆቡ ነገር ራሱ ከአደን የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት የዘመኑን ጠመንጃ የባልጩት ብልጭታ እያዩ የሚያመልጡት ወፎች ቢያስቸግሩት፣ ሲመታ የሚቀጣጠል ውህድ ተጠቅሞ ሌላ መላ ዘየደ፤ በ1807 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። የመዳብ ቆቡ ከዚያ በኋላ የተከተለ ነው።

ይኸው የወፍ አዳኝ ብልሃት እኛም ዘንድ ደርሷል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት እሮጌ ሜዳ ላይ እንግሊዞችን ሊወጋ የወረደው የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ጠመንጃው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር፤ ባለ ሁለት አፈሙዙም አልጠፋበትም። የእንግሊዙ ጦር ስናይደር ጠመንጃ ግን ከኋላው ይጎርሳል። ያኛው በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ሲተኮስ፣ ይኸኛው እስከ 10 ጊዜ ይተኮሳል። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነሱም የሞቱት 2 ናቸው።

እንግዲህ «አያጣድፍም» የሚባለው ለማን ነው? ዳክዬ መልሳ አትተኩስም። ዝግታ የሚጥመው ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ይህን ስል አዳኞቹን መንቀፌ አይደለም። በእጃቸው አጉርሰው ስለሚያውቁት፣ በመስታወት አሻግረን ከምናየው ከእኛ ይልቅ ጠመንጃውን ይረዱታል። ሙዚየሞቻችንም የባለቤቱን ስም ከመጻፍ አልፈው ዘንጉን፣ ውታፉንና ቆቡን በተራ ደርድረው አጎራረሱን ቢያሳዩን መልካም ነው። ያን ያየ ጎብኚ የእሮጌን ሽንፈት በወኔ ማነስ አያሳብብም።