እጅ ከመያዝ በፊት

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይሎሲቢን የተባለውንና ስሜትንና ሐሳብን ለሰዓታት የሚለውጠውን የእንጉዳይ ንጥረ ነገር ፈቃድ ባለው ማዕከል መውሰድ ይቻላል። አጠገብ የሚቀመጠው አጋዥ ሐኪም ወይም ነርስ መሆን ግድ የለበትም። ነገር ግን ቢያንስ 120 ሰዓት ትምህርትና 40 ሰዓት የተግባር ልምምድ ጨርሶ ፈተና ማለፍ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ የእጅ ጉዳይ ነው። እኛ ነርሶች የፈራ በሽተኛ ስናይ ሳናስበው እጁን እንይዛለን። እዚያ ግን ማቀፍም ሆነ እጅ፣ እግር ወይም ትከሻ መንካት የሚፈቀደው ተገልጋዩ አስቀድሞ በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ ነው። ንጥረ ነገሩ ሰውን ሆደ ባሻና በቀላሉ የሚያምን ሊያደርገው ይችላልና፣ በዚያ ሰዓት የወጣ «እሺ» ሙሉ ፈቃድ አይባልም።

እዚያ ያለ ዘመዳችሁ «ልሞክረው» ካላችሁ፣ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁት። «አጠገብህ የሚቀመጠው ማነው? የት እንዲነካህ ፈቀድክ? ሳትወስድ ፈርመሃል?» በሉት። ቤቱ ብቻውን ሆኖ እንዳይሞክረውም አጥብቃችሁ ምከሩት።