የጆሮ ማዳመጫ ሲገዛ የሚቀድመው የማን ጆሮ ነው?

ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ፣ አውራ ጎዳና 7 እና 169 በሚያልፉባት በሆፕኪንስና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት የሚደውሉት እጃቸው ሥራ ይዞ ነው። የሰዓት ልዩነቱ በአሜሪካ የሙቀት ወራት 8፣ በብርዱ ወራት ደግሞ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከማታ ፈረቃ ወጥቶ መሪ የጨበጠ ሰው ወላጆቹን የሚያገኛቸው ነጋ ብለው ቡና ሲያቀራርቡ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ነው። ንግግሩ «ሃሎ! ይሰማል?» ተብሎ ይጀመራል፤ ከወዲያ ማዶ «አይሰማም ልጄ፣ እየተቆራረጠ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ጥፋቱም ወዲያው በአገር ቤት ኔትወርክ ላይ ይላከካል። ኔትወርኩ የሚወቀስበት አያጣም። ሆኖም ድምፁ ገና ሚኒሶታን ሳይለቅ፣ ደዋዩ ጆሮው ላይ በሰካው ርካሽ ዕቃ የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ምክንያቱ የአገዛዝ ልማድ ነው። ገዢው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ አንድ ዘፈን ይከፍታል፤ ባሱ ከመታለት፣ ዋጋውም ከተስማማው ይከፍላል። በዚሁ አካባቢ፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ ሪቻርድ ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1966 «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለውን የድምፅ መሣሪያ ሱቅ ሲከፍት (በ1983 ስሙ ወደ «ቤስት ባይ» የተለወጠው ይኸው ሱቅ ነው) ሰምቶ መግዛት ትክክለኛ ፈተና ነበር፤ የሚሸጠው ድምፅ ማጉያ፣ ፈራጁም የገዢው ጆሮ ነበርና። ለስልክ የሚሆን ማዳመጫ ግን ግማሽ ጎኑ ማይክሮፎን ነው። ስለ ማይክሮፎኑ ሊፈርድ የሚችለው ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ የለም፤ ደሴ ወይም ጎንደር ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው «ጩኸት ያጠፋል» የሚለው በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፍ ቃል ነው። ይህ ቴክኖሎጂ በአብዛኛው የሚያገለግለው የለባሹን ጆሮ ነው፤ ማዳመጫው የአውቶቡስ ሞተርን የመሰለ ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ ይለካና ተቃራኒውን ሞገድ ፈጥሮ ጆሮ ውስጥ ያጣፋዋል። ለሙዚቃ መልካም ነው። በስልክ ንግግር ላይ ግን የተገላቢጦሽ ጉዳት ያመጣል፤ ተናጋሪው በዙሪያው ያለውን ጩኸት ስለማይሰማ በጸጥታ ውስጥ የሚያወራ ይመስለዋል፣ እናቱ ግን የጎዳናውን ጩኸት በሙሉ ትቀበላለች። የማይክሮፎኑን ጩኸት የሚያጣራው ሌላ ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ከመጀመሪያው ጋር ስለሚመሳሰል ሻጩም ገዢውም ያምታቱታል።

ማይክሮፎንን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ርቀት ነው። ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ወደ አፍ በሚዘረጋ አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ማይክሮፎን ከከንፈር 3 ሴንቲሜትር ያህል ሲርቅ፣ ጆሮ ውስጥ በሚሰካው ትንሽ ማዳመጫ ላይ ያለው ግን 12 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይርቃል። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ነው፤ በኃይል ሲሰላ 16 እጥፍ ገደማ። የጎዳናው ጩኸት በሁለቱም ማይክሮፎኖች ላይ እኩል ይደርሳል፤ የሚለየው የተናጋሪው ድምፅ ብቻ ነው። ውድ የሆኑት ትናንሽ ማዳመጫዎች ይህን ጉድለት በብዙ ማይክሮፎኖችና ብልህ በሆነ ሶፍትዌር ለማካካስ ይሞክራሉ። ርካሾቹም ይሞክራሉ፣ ነገር ግን ጩኸቱን ሲቆርጡ ደካማ የሆኑ የንግግር ድምፆችንም አብረው ይቆርጣሉ።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ችግር ይለያል። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» የሚለያዩት በጥቂት አናባቢ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከቃሉ መነሻ ቅንጣት ከቆረጠ፣ ሠላሳ ሺህ ብር እንደተላከ የተነገረው ሰው ስልሳ ሺህ ሊጠብቅ ይችላል። «ሠራ» እና «ፈራ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይምታታሉ። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ኃይሉ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ሲሆን፣ የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ ያስተላልፋል። የብሉቱዝ ማዳመጫም በቀድሞው የጥሪ ስልት የሚሠራ ከሆነ 4,000 ኸርዝ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፤ «ሰ» ፉጨቱን ሲያጣ ከ«ፈ» ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደ 7,000 ኸርዝ የሚደርስ የተሻለ የብሉቱዝ የጥሪ ስልት አለ፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ዋይድባንድ» ወይም «ኤችዲ ቮይስ» ይባላል። ከማሸጊያው ላይ ይህን ቃል መፈለግ የባሱን ጥንካሬ ከመመርመር ይበልጣል።

ማዳመጫው ለሙዚቃ የሰጠውን ጥራት ለጥሪ የማይሰጥበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ለሙዚቃ አንድ፣ ለጥሪ ሌላ መንገድ ይጠቀማል። የሙዚቃው መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ ሰፊ ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ማይክሮፎኑ ይከፈትና መሣሪያው ወደ ጠባቡ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ይዛወራል። የሙሉቀን መለሰን ዘፈን አጥርቶ ያሰማ የነበረው ዕቃ ድንገት የቆርቆሮ ድምፅ የሚያወጣው ተበላሽቶ አይደለም። ስለዚህ በዘፈን የተፈተነ ማዳመጫ ለጥሪ አልተፈተነም ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ አይፎን የያዘ ሰው «አፕት-ኤክስ» ወይም «ኤልዳክ» ለሚባሉት የሙዚቃ ስልቶች ተጨማሪ ገንዘብ መክፈሉ ከንቱ ነው፤ ስልኩ አይቀበላቸውም። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ ላሳተማቸው የአዲስ አበባ ዘፈኖችም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ያልተቀዳውን ቀጭን ድምፅ የትኛውም ስልት አይወልደውም።

ሾፌሮችን የሚመለከት ሌላ ጉዳይ አለ። የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2019 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ከልክሏል፤ የመጀመሪያው ቅጣት ከፍርድ ቤት ወጪ ጋር 100 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ፣ ቀጣዩ 300 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች ልብ የማይሉት በዚያው ግዛት በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መኪና መንዳትም የተከለከለ መሆኑን ነው። ከእጅ ነፃ ለመሆን ሲል ሁለቱን ጆሮዎቹን የደፈነ ሾፌር ከአንዱ ሕግ ሸሽቶ በሌላው ተይዟል። የአምቡላንስ ጥሩንባ መስማት ያለበት ጆሮም አለ።

እነዚህ ነገሮች ተደማምረው ወደ አንድ ምርጫ ይመራሉ። ከ30 እስከ 60 ዶላር መድቦ በዋናነት ለሚደውል ሰው፣ በአንድ ጆሮ የሚንጠለጠልና ወደ አፍ የሚዘረጋ ዘንግ ያለው ማዳመጫ፣ በዚያው ዋጋ ከሚሸጡት ጥንድ ማዳመጫዎች ይሻላል። ቅርፁ አያምርም፤ ወጣቶች የታክሲ ሾፌር ዕቃ ነው ይሉታል። ሙዚቃውም በአንድ ጆሮ የሚሰማ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ርካሽ ዕቃ እኩል ማግኘት ይቻላል የሚለው ተስፋ የማስታወቂያ እንጂ የምሕንድስና አይደለም። ለሙዚቃ በቤት ውስጥ ገመድ ያለው ማዳመጫ ከ20 ዶላር በታች ይገኛል፤ ባትሪም አይፈልግ። ከቤታቸው ሆነው ለሆስፒታሎች በስልክ የሚያስተረጉሙ አማርኛ ተናጋሪዎችማ ከገመድ ባይለዩ ይመረጣል፤ የመድኃኒት መጠን በሚነገርበት ደቂቃ ባትሪ ማለቅ የለበትም። የሚኒሶታ ብርድ የሊቲየም ባትሪን አቅም እንደሚያሳጥርም አይዘነጋም።

የሚያሳዝነው ገበያው ወደዚህ አቅጣጫ አለመሄዱ ነው። የጃብራ ባለቤት የሆነው የዴንማርኩ ጂኤን ኩባንያ በጁን 2024 «ቶክ» የተባሉትን የአንድ ጆሮ ማዳመጫዎቹን ከ«ኢሊት» ጥንዶቹ ጋር ማምረት እንደሚያቆም አስታውቋል። ፕላንትሮኒክስ ይባል የነበረው፣ ኋላ ፖሊ ተብሎ በ2022 በኤችፒ የተገዛው ኩባንያ ምርቶች አሁንም አሉ፤ ግን ብዙዎቹ ለቢሮ የታሰቡና ከተባለው በጀት የሚያልፉ ናቸው። ስም በሌላቸው ርካሽ ዕቃዎች መካከል የሚመርጥ ሰው ደረሰኙን ይዞ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ፣ ራሱ መፈተን ይኖርበታል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማዳመጫውን ሰክቶ፣ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር ቆሞ፣ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት መቅዳት። መልእክቱ ውስጥ «ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሠራ፣ ፈራ» የሚሉትን ቃላት ቅደም ተከተላቸውን እያዘበራረቁ ማስገባት። ከዚያ አገር ቤት ላለ ሰው ልኮ፣ የሰማውን በጽሑፍ እንዲመልስ መጠየቅ።