«ለንደን ባይሄድ ይጠፋ ነበር» ለምትሉ

እኔ የምለው፣ የተዘረፈ ሰው ዕቃውን ዘራፊው በደንብ ስለያዘለት ማመስገን የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ለአጭር ሥልጠና አቴንስ ሄጄ አንድ ቀን ተረፈችኝና አክሮፖሊስ ወጣሁ። የመወጣጫው እብነ በረድ በስንት ዘመን እግር ለስልሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት (እኔ ሞክሬዋለሁ)። ላይ ስትደርሱ ግን ፓርተኖን አፍ ያስይዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ በ15 ዓመት ያለቀ ቤተ መቅደስ ነው። መሃሉ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ ሲመታው ነው።

ከዚያ ሎርድ ኤልጊን መጣ። በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ነበር። ከ1801 ጀምሮ ሠራተኛ አሰማርቶ ቅርጾቹን ከሕንጻው እያስነቀለ፣ ለመጫን የከበደውን በመጋዝ እያስቆረጠ ወደ አገሩ ላከ። ፈቃድ ነበረኝ ባይ ነው። የፈቃዱ ዋና ቅጂ የታለ ሲባል ግን ያለው የጣልያንኛ ትርጉም ብቻ ነው! በ1816 የእንግሊዝ ፓርላማ በ35 ሺህ ፓውንድ ገዝቶት ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

ከኮረብታው ሥር በ2009 የተከፈተ ሙዚየም አለ። የላይኛው ፎቅ ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ ፓርተኖን ፊት ለፊት ይታያችኋል። ፈረሰኞቹን፣ ለመሥዋዕት የሚነዱትን ከብቶች እያያችሁ ስትሄዱ ማር የመሰለው ድንጋይ ድንገት ያበቃና ነጭ ጄሶ ይጀምራል። ጄሶው ለንደን ያለው ነው። የፖሲዶን ደረት እንኳ ሳይቀር ግማሹ አቴንስ፣ ግማሹ ለንደን ሆኗል።

ፎቶውን አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ለንደን ባይሄድ ይጠፋ ነበር። የኛም እንደዚያው።»

ንድድ አልኩ! ምክንያቱም ይኼን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ግማሾቻችሁ ትሉታላችሁ።

በደንብ ያዙት? በ1930ዎቹ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ቅርጾቹን «ነጭ እናድርጋቸው» ብለው በመዳብ መሣሪያ ፋቋቸው። በ2023 ደግሞ ይኸው ሙዚየም ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ዕቃዎች ተሰርቀው፣ ጠፍተው ወይም ተጎድተው እንደተገኙ ራሱ አመነ። እኛ ጋ አይሰረቅም አልልም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቋል። ማን ገዛው? አንድ ቤልጂጋዊ። በ2001 ነው የተመለሰልን።

«የዓለም ሙዚየም ነው፣ ሁሉም ያየዋል» ደግሞ አለች። ሁሉም ማለት ቪዛ ያገኘ ማለት ነው? የባንክ ደብተራችሁን፣ የሥራ ደብዳቤያችሁን፣ አሻራችሁን ይዛችሁ ከተሰለፋችሁ በኋላ ንገሩኝ። ደሞ ሁሉም ያየዋል ከተባለ ስለ ታቦቶቹ እንነጋገር። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉትን ጨምሮ 11 የኢትዮጵያ ታቦቶች እዚያ አሉ። ማንም አያያቸውም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ጭምር። አለመታየታቸው ልክ ነው፤ ታቦት ነውና። ታዲያ ለማን ነው የተቀመጡት? የሚያጠናቸው የለም፣ የሚያያቸው የለም፣ የሚሳለማቸው ደግሞ እዚህ ነው ያለው።

ሲጨንቃቸው «ሕጉ አይፈቅድልንም» ይላሉ። የ1963ቱን የሙዚየም ሕግ ማለታቸው ነው። ያወጣው ፓርላማ እኮ አለ፣ አልሞተም! ቫቲካን በ2023 ሦስት የፓርተኖን ቁራጮች መልሳለች። የሲሲሊ ሙዚየም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መልሷል። ጣልያን በ1929 የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን አምጥታ፣ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። ያኔም «አይቻልም፣ ይሰበራል» ሲሉ ነበር።

ከሙዚየሙ ከመውጣቴ በፊት ጣራ የተሸከሙትን የድንጋይ ሴቶች አየሁ። ኮረብታው ላይ የቆሙት ቅጂ ናቸው፣ ዋናዎቹ እዚህ ናቸው። ስድስት ነበሩ፤ አምስት አሉ። የስድስተኛዋን ቦታ ባዶውን ትተውታል፣ ለንደን ናት። የባዶውን ቦታ ፎቶ አንስቼ ለዚያው ጓደኛዬ ላክሁለት።

እስካሁን አልመለሰልኝም።