«ውስጡን ለቄስ» ለሚሉ የጥበብ ዳኞች

«ውስጡን ለቄስ» የሚለው አባባል በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ላዩ አምሮ ውስጡ ቢገለጥ የሚያሳፍር ነገር የሚወቀስበት ቃል ነው። ይሁን እንጂ ይህ የወቀሳ ቃል ተገልብጦ የዳኝነት መመሪያ የሆነበት አንድ የጥበብ መስክ አለ። ይኸውም አሮጌ አውቶሞቢሎችን እየቆረጡና እየቀጠሉ አዲስ መልክ የማውጣት ጥበብ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጎለመሰው ይህ ሙያ ዛሬ ገዥም፣ ሰብሳቢም፣ ሸላሚም አላጣም። ብዙ ጊዜ የሚያጣው በሩን ከፍቶ ብረቱን ከውስጥ የሚመረምር ዓይን ነው።

በዚህ ሙያ ከሁሉ የገነነው ሥራ የጣሪያ ቆረጣ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች በ3፣ በ4፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ ኢንች ያጥራሉ፤ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ መስኮቶቹ ይጠባሉ፤ ጉብ ብሎ ይታይ የነበረው መኪና መሬት ላይ የተኛ ይመስላል። ፎቶግራፍ የሚነሣው፣ ጭብጨባ የሚቸረው ይህ የጣሪያ መስመር ነው። በመስኮቱ የውስጥ ገጽ ዙሪያ ስለሚዞረው፣ ከላሜራ ስለ ተቀረጸው ክፈፍ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። «እሱ የታፒሴሪው ጉዳይ ነው» ይባላል፤ «ጨርቅ ይሸፍነዋል፣ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ጥበቡ ያለው በውጪው መስመር ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር የዋህ ይመስላል እንጂ የዋህ አይደለም። ጥበብን ከሥራ፣ ቅርጽን ከይዘት፣ ስምን ከእጅ የሚለያይ የተሳሳተ አስተሳሰብ የተጠለለበት ዋሻ ነው።

ስሕተቱን ለማየት ወደ ሥራው ራሱ መግባት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 ያወጣውን ሜርኩሪ መውሰድ ይቻላል፤ በጣሪያ ቆረጣ ከእርሱ ይበልጥ የታወቀ መኪና ማግኘት ያዳግታልና። የዚህ መኪና ምሰሶዎች ቀጥ ብለው የቆሙ አይደሉም፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይጋደላሉ፤ ወርዳቸውም ይለዋወጣል። ስለዚህ ከመካከላቸው 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ሲወጣ፣ ከላይ የወረደው ግማሽና ከታች የቀረው ግማሽ አፍ ለአፍ አይገጥሙም። ባለሙያው ወይ ምሰሶውን ይበልጥ ማጋደል፣ ወይ ጣሪያውን ሰንጥቆ ቁራጭ ላሜራ በማስገባት ማስረዘም ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ በውጪ የተፈጸመው ማጋደልና ማስረዘም ሁሉ በውስጠኛው ክፈፍ ላይ አንድ በአንድ መደገም አለበት። ክፈፉ የጣሪያው ምስክር ነው። ውጪው በቀለምና በወፍራም እርሳስ ተለብጦ የደበቀውን ጠማማነት፣ ክፈፉ አልገጥምም በማለት ያጋልጠዋል።

ክፈፉ ብሎኖቹ ተፈትተው ከወረደ በኋላ በቅድሚያ የሚያስፈልገው መጋዝ ሳይሆን ካርቶን ነው። አዲሱ የመስኮት ክፍተት በካርቶን ይለካል፤ የጠርዙ ኩርባ ይነደፋል። ከዚያ ሁለቱ ቋሚ ጎኖች ይቆረጣሉ፤ አግዳሚው ከረዘመ ያጥራል፣ ካጠረ መካከሉ ተከፍሎ ቁራጭ ይገባበታል። ቁርጡ የሚያርፍበት ስፍራ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ለማዕዘኑ ከቀረበ ኩርባው ይበላሻል፤ የክፈፉ ወርድ በሚለዋወጥበት ላይ ካረፈ ሁለቱ ጫፎች አይተካከሉም። ማዕዘኑ ይበልጥ እንዲከብ ከተፈለገ የክፈፉ ከንፈር በቀጫጭን ስንጥቆች ይተለተላል፤ ስንጥቆቹ ሲጠጋጉ ኩርባው ይጠብቃል፣ ሲራራቁ ይላላል፤ በኋላም እያንዳንዳቸው ይበየዳሉ። ብየዳው ደግሞ የትዕግሥት ፈተና ነው። ላሜራው ስስ ስለ ሆነ እሳት በአንድ ጊዜ ከበዛበት ይጣመማል። ስለዚህ አንዲት ነጥብ ተበይዳ እስክትበርድ ይጠበቃል፤ ሌላዋ ነጥብ ራቅ ብላ ትጣላለች፤ ከዚያ መዶሻው፣ ከመዶሻው በኋላ ሞረዱ ይከተላል። የብሎን ቀዳዳዎቹም በአዲሱ ልክ እንደገና ይበሳሉ።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። መስታወቱ በመሄጃው ውስጥ መውጣትና መውረድ አለበት። መሄጃውና ክፈፉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳቱ መስታወቱ ይነክሳል፣ ይንኳኳል፣ ወይም ይሰነጠቃል። በሁለት ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ መስታወት በልክ ሊቆረጥ ይችላል፤ በሙቀት የጠነከረው ግን ሊቆርጡት ቢሞክሩ ብትንትኑ ይወጣል። የጣሪያው ጨርቅና የበሩ ልባስም ጠርዛቸው ከክፈፉ ጋር ስለሚገናኝ፣ ውፍረታቸው አስቀድሞ ካልታሰበ ክፈፉ ከቦታው አይቀመጥም። እንግዲህ ብረት ቆራጩ፣ መስታወት ቆራጩና የወንበርና የጣሪያ ልባስ ሰፊው የሚገናኙበት አንድ ስፍራ ቢኖር ይህ ክፈፍ ነው። የሦስት ሙያ ውል የተፈረመበትን ስፍራ «የታፒሴሪው ጉዳይ» ብሎ ማለፍ ውሉን ሳያነቡ መፍረድ ነው።

አቋራጭ መንገድ የለም አይባልም። ክፈፉን አሽቀንጥሮ ጥሎ ቦታውን በቆዳ መሸፈን ይቻላል። በግዴለሽነት ቆርጦ ማጋጠምና ክፍተቱን በስቱኮ መድፈንም ይቻላል፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ድንጋጤው እየደረሰበት ስቱኮው እስኪሰነጠቅ ድረስ ማንም አያውቅም። በአንጻሩ ክፈፉን ክሮም ለማስነከር የደፈረ ባለሙያ መሸሸጊያ የለውም፤ ክሮም ጉድለትን አይሸፍንም፣ ያጎላዋል እንጂ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የብየዳ ጉድፍ እንኳ በመስታወት ፊት እንደ ቆመች ትታያለች። ገንዘብና ጊዜ ያነሰው ወጣት ክፈፉን ሳይጨርስ ቢተወው ነውር የለበትም። ነውሩ አለመጨረሱን እንደ ፍጻሜ ቆጥሮ የሚሸልመው ዳኛ ላይ ነው።

ቅርጽ የይዘት መገለጫ መሆኑ በሥነ ጽሑፍና በሥዕል ሂስ ሲነገር ማንም አይከራከርም። ገጸ ባሕርይው ያልበሰለ ልብ ወለድ ሽፋኑ ስላማረ አይሸለምም። ታዲያ ስለ ብረት ሥራ ሲሆን ይህ ሚዛን ለምን ይጣላል? መልሱ ከውበት ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከስም ገበያ የሚገኝ ነው።

የሙያው ታሪክ ይህንን ይመሰክራል። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ጋራዥ ከፍተው ከነበሩት ከሁለቱ የባሪስ ወንድማማቾች መካከል ብረቱን በመቁረጥና በማቅናት የተመሰገነው ሳም ነበር። የራሱን የ1949 ሜርኩሪ ጣሪያ በመቁረጡም ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። ስሙ በዓለም የናኘው ግን ቀለሙን፣ ፎቶግራፉንና ማስታወቂያውን የያዘው ጆርጅ ነው። ሳም እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሞት፣ ጆርጅ እስከ 2015 ኖሮ የሙያው መጠሪያ ሆነ። ጆርጅ ታላቅ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የአደባባዩ ሰው ሲዘከር የመዶሻው ሰው በቅንፍ ውስጥ ከገባ፣ ከሳም በታች ሆነው ክፈፍ ሲሞርዱ የዋሉት ሠራተኞች በቅንፍ እንኳ ስፍራ አያገኙም። ጸሐፊው ቶም ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤስኳየር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ እነዚህ መኪናዎች እንደ ጥበብ ሥራ እንዲታዩ በመሟገቱ የሙያው ባለውለታ ነው። የእርሱም ብዕር ግን ያተኮረው በስመ ጥሮቹ ባለ ጋራዦች ላይ ነበር።

ከባሪስ ጋራዥ የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ የታየው የማሳቶ ሂሮሃታ የ1951 ሜርኩሪም ትምህርት ይሰጣል። ጣሪያው ከፊት 4 ኢንች፣ ከኋላ 7 ኢንች ዝቅ ተደርጓል፤ የመሐል ምሰሶው ተነሥቷል። ምሰሶው ሲነሣ የፋብሪካው የመስኮት አሠራር ሁሉ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፤ መስታወቱን የሚያቅፈው ጠርዝ ከባዶ ተነሥቶ በእጅ መቀረጽ አለበት። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1959 በ500 ዶላር ተሸጠ፤ ታድሶና ዝናው ገኖ እ.ኤ.አ. በ2022 በፍሎሪዳ ጨረታ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሄደ። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ስሙ ከብዷል፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ከብዷል። ያንን ጠርዝ የቀረጸው እጅ ግን በ500 ዶላሩም ዘመን ሆነ በ2 ሚሊዮኑ ዘመን ያው እጅ ነው። ገበያው እጁን አልመዘነም፤ ዝናውን እንጂ።

«ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞም ይነሣል። ለ2 ሚሊዮኑ ጨረታ ይህ ወቀሳ ይገባ ይሆናል። ለሥራው መነሻ ግን አይገባም። ሙያው የተወለደው ከሀብታሞች አዳራሽ አይደለም፤ አዲስና ውድ መኪና መግዛት ያልቻሉ ወጣቶች ያገለገለ መኪና ገዝተው፣ በመቶ ሺህዎች እየተባዛ ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ በመጋዝና በእሳት የራሳቸው ካደረጉበት ጓሮ ነው። ፋብሪካው ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጎ የቀረጸውን ክፈፍ፣ አንድ ሰው ለአንድ መኪና ብቻ በሚሆን ልክ መልሶ ሲቀርጸው፣ የሠራተኛ እጅ በማሽን ሥራ ላይ ፈቃዱን ጻፈ ማለት ነው። ቅንጦት የሚባለው ይህ ከሆነ ጥበብ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወግ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ይሁንና በዚህ አገር ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን እየናቁ በእጃቸው ውጤት መጠቀም የቆየ ልማድ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ማረሻውን ፈልጎ ባለ እጁን የሚሸሽና የጣሪያውን መስመር አድንቆ የውስጡን ክፈፍ የሚንቅ ሰው የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። በየጋራዡ የተቀጠቀጠ ፓራፋንጎ የሚያቀናው ባትላሜራ የሙያውን ስም ከጣልያንኛ ወረሰ እንጂ ብልሃቱን ያገኘው ከመዶሻና ከዓመታት ነው። እርሱን «ሠራተኛ»፣ በሸራ ላይ መኪና የሚሥለውን ደግሞ «ጥበበኛ» ብሎ መለየት የሚቻለው በምን ሚዛን እንደ ሆነ፣ የጥበብ መምህራንና ሐያስያን መልስ ሊሰጡበት ይገባል።

ስለዚህ ዳኛው ከመኪናው ፊት ቆሞ ከመፍረዱ በፊት በሩን ይክፈት፤ መስታወቱን ያውርድ፣ ያውጣ፤ ጣቱን በክፈፉ ማዕዘን ላይ ያሳልፍ። ታሪክ ጸሐፊውም የባለ ጋራዡን ስም በመዘገበበት ገጽ ላይ የበያጁንና የሞራጁን ስም ይጠይቅ፤ እነዚህ ሰዎች ባለፉ ቁጥር ያልተጻፈ ዕውቀት አብሯቸው ይቀበራልና። መምህሩም ስለ ቅርጽና ይዘት ሲያስተምር ከመጻሕፍቱ ጎን አንድ በእጅ የተቀረጸ የብረት ክፈፍ ጠረጴዛው ላይ ያኑር። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እሾሁን ለአጥርነት የሰጠው ዳኝነት፣ ሥራውን ለሠሪው እስኪመልስ ድረስ ፍርዱ ጎደሎ ነው።