ፋብሪካው ሲነቀል መሬቱ አይመለስም

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በአካባቢያቸው ፋብሪካ ከቆመበት መሬት ብዙው ቀድሞ እህል ይበቅልበት የነበረ ነው። ማሳውን ለለቀቀው አርሶ አደር ከካሳው ጋር የተነገረው ተስፋ ልጆቹ ሥራ ያገኛሉ የሚል ነበር። ስለዚህ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም ምርቱን ወደ ሌላ አገር ሲያዛውር ጉዳቱ የሠራተኛው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቤት አከራዩም ወተትና አትክልት ሻጩም ገበያ ያጣሉ።

ምርት እንዴት እንደሚሸሽ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አሳይቷል። አሜሪካ ለኢትዮጵያ በአጎዋ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገደች። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ አልባሳት ኩባንያ ግን ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ በኅዳር ወር በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያለዚህ ዕድል የጥጥ ቲሸርት መደበኛ የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነበር። ጨርቁም ገዢውም ውጭ የሆነ ፋብሪካ እዚህ ያለው የስፌት መኪናና የሰው ጉልበት ብቻ በመሆኑ ነቅሎ መሄድ አይከብደውም።

በሰበታ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ዕጣዎች ታይተዋል። በቱርክ ባለሀብቶች የተቋቋመው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለጀርመን ገበያ ሲያመርት ቆይቶ በብድር ዕዳ ምክንያት በኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ ገባ። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በበኩሉ በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት ወደ እንግሊዙ ዲያጆ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ተላለፈ። ባለቤቱ ቢለወጥም ፋብሪካው ከሰበታ አልተነቀለም፤ ጠጪውም ውኃውም ገብስ አምራቹም እዚሁ ናቸውና።

እንግዲህ መሬት የሚሰጥ አስተዳደር «ስንት ሰው ትቀጥራለህ?» ከማለት አልፎ «ጥሬ ዕቃውን ከማን ትገዛለህ? ለማንስ ትሸጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ከአርሶ አደሩ ምርት ጋር የተሳሰረ ፋብሪካ ሥር አለው።

ሠራተኛውም መብቱን ይወቅ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል፤ በዚያም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ግን በይርጋ ይታገዳል። ባለሀብቱ ሌላ አገር ያገኛል፤ ማሳውን የሰጠው አርሶ አደር ግን ሌላ ማሳ የለውም።